ክረምት እረፍት የሚሆነው ለወንድሜ ብቻ ነው ወይ?

ነሐሴ 25 ቀን 2017 ማታ ነው የጻፍኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቴ ደክሟት ተኝታለች። ታናሽ ወንድሜ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ኳስ ያያል። እኔ ከሰሉ ዳር ቁጭ ብዬ የእሱን ካልሲ አገላብጣለሁ። ያኔ ነው ስልኬን አንስቼ ጥያቄዬን የለጠፍኩት።

ስሜን አልጻፍኩም። 15 ዓመቴ እንደሆነ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ እንዳለፍኩ፣ መስከረም ላይ አዲስ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል እንደምገባና አዲስ አበባ እንደምኖር ብቻ ተናገርኩ። ከዚያ ክረምቴን ዘረዘርኩት።

ሐምሌን በሙሉ የክረምት ትምህርት ነበርኩ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል። ወንድሜም 13 ዓመቱ ነው፣ እሱም ይማራል። ልዩነቱ ከምሳ በኋላ ነው። እሱ ሜዳ ይወርዳል፣ ጭቃ ተለቅልቆ ይመለሳል። ያንን ጭቃ የማጥበው እኔ ነኝ። በክረምት ልብስ እንደማይደርቅ የታወቀ ነው፣ እየሰቀልኩ እያወረድኩ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሮጬ እያወጣሁ፣ ስታጉረመርም ሮጬ እያስገባሁ ነው የምውለው። ውኃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ሲመጣ ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላውም እኔ ነኝ።

ነሐሴ 2 ቀን ሁለታችንም ደብረ ብርሃን አያቴ ጋ ተላክን። ጉዞውን እወደዋለሁ፣ እሱን አልደበቅኩም። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍረን፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን እያለፍን፣ የመኪናው መስታወት በትንፋሻችን ተሸፍኖ፣ በጣቴ እየጠረግኩ ሜዳውን ሳይ ደስ ይለኛል። አያቴ ቤት ስደርስ ግን ነገሩ ያው ሆነ። ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ወጥ እሠራለሁ። ወንድሜም ጾሟል፣ ግን ጾሞ የሚተኛ ነው። ቡሄ ላይ እሱ ጅራፉን ይዞ ሆያ ሆዬ ሊል ወጣ። እኔ ሙልሙል ስጋግር ዋልኩ። ሳንቲሙን ቆጥሮ ኪሱ ሲከት አየሁት። ተመልሰን መጥተን፣ ለእንቁጣጣሽ ከሰፈር ልጆች ጋር አበባየሆሽ ልል እንደሆነ ለእናቴ ስነግራት፣ ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ ዘንድሮ ይቅርብሽ ተባልኩ። ያው በዚያው ሳምንት ብቻዬን መርካቶ ሄጄ ደብተር ልግዛ ስል ደግሞ ገና ልጅ ነሽ ተባልኩ።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። እናንተም ቤት እንዲህ ነው? ሁለተኛው፣ ይህን ለእናቴ ባለጌ ሳልባል እንዴት ልንገራት?

ቢበዛ አምስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። 40 ደረሰ። በየተራ ልንገራችሁ።

1ኛ መልስ። ሐዋሳ የምትማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። እሷም ቤት አንድ ዓይነት እንደነበር ነገረችኝና አንድ ምክር ሰጠችኝ። ዝም ብዬ እንዳላለቅስ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል እኔም ወንድሜም በቤት ሥራ ያሳለፍነውን ሰዓት በወረቀት እንድጽፍ። እናቴ ጋ ስሄድ እንባ ሳይሆን ወረቀት ይዤ እንድሄድ። በማግስቱ ጠዋት መጻፍ ጀመርኩ።

2ኛ። በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ነው፣ ትንሽ ተቀይሟል። ወንድ ሁሉ ሶፋ ላይ አይተኛም አለ። እሱ እህል ወፍጮ ቤት ተሸክሞ የሚሄደው፣ ወረፋ ጠብቆ ዱቄቱን በዝናብ የሚያመጣው፣ ጣራው ሲያፈስ ላዩ ላይ ወጥቶ የሚደፍነው እሱ ነው። እውነቱን ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅኩት። እኔ ያልኩት ስለ ወንድሜ ነው፣ ስለ ወንድ ሁሉ አይደለም።

3ኛዋ የሦስት ልጆች እናትና አስተማሪ ናቸው። ረጋ ብለው ነው የጻፉት። እናቴን እንድረዳት ፈልገዋል። የክረምት ትምህርቱ ቅጣት አይደለም፣ ፍርሃት ነው አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ከ100 ተፈታኝ 3 ነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው፣ በየዓመቱ ያው ነው፣ ወላጅ ይህን እየሰማ ልጁን ክረምቱን ሙሉ እንዴት ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል ብለው ጠየቁ። ይህ መልስ ልቤን ነካው። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሆነ አስታውሳለሁ።

4ኛው አረማቸው። በትሕትና ነው፣ ግን ቁጥር በቁጥር። የ2014 ተማሪዎች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ ግን 5.4 በመቶ ስለሆኑ በየዓመቱ ያው ነው ማለት አይቻልም አለ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይበልጥ ገባኝ። ውጤቱን ያወረደው ክረምት ላይ ማረፍ ቢሆን ኖሮ ድሮም ልጆች ያርፉ ነበር፤ 12 ዓመት ሙሉ ሳይማር የመጣን ልጅ በሁለት ወር ማካካሻ ማዳን አይቻልም፤ ልጅቷ ከሰዓት ልብስ ካጠበች የጠዋቱን ትምህርት መቼ ታጥናው አለ። አስተማሪዋም ተመልሰው ቁጥሩን ስላረመላቸው አመስግነዋል። ሰው እንዲህ ሲተራረም ደስ ይላል።

5ኛው ደስታዬን አጠፋው። የዘንድሮ ልጅ ቅምጥል ነው ብሎ ጀመረ። ሴት ልጅ ካልሲ አጠብኩ ብላ አደባባይ ከወጣች ነገ ባል እንዴት ልታስተዳድር ነው አለ። እናቴን ማዋረዴ እንደሆነ ጻፈ። ስልክ የሰጡኝ ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ። እናቴን ማዋረድ አላሰብኩም፣ ስሟንም አልጠራሁም።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ሦስቱም በእሱ ላይ ወረዱበት። 6ኛዋ እሱ የራሱን ካልሲ ማን እንደሚያጥብለት ጠየቀችው። 7ኛው ስድብ ስለጻፈ ሐሳቡ ሳይሰማለት ቀረ። 8ኛዋ ደግሞ ጉዳዩ የባል ጉዳይ እንዳልሆነ፣ 15 ዓመት ልጅ ፊት ስለ ባል ማውራት በራሱ ነውር እንደሆነ በሦስት መስመር ጽፋ ዘጋችው። እኔ ልለው የፈለግኩትን ነው ያለችልኝ።

9ኛዋን ሳነብ ጸጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ እሳቸው 12ኛን ጨርሰው ነበርና ክረምቱን ገጠር ዘመቱ። በዝናብ፣ በባዶ እግር ማለት ይቻላል፣ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ። ቀን አረም የሚያርሙ ገበሬዎች ማታ በኩራዝ ፊደል ይቆጥራሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በመጣች ቁጥር ታረፍዳለች። ውኃ ቀድታ፣ ፈጭታ፣ ጋግራ ነው የምትመጣው። ወንድሟ ግን ሁልጊዜ ቀድሟት ደርሶ ከፊት ይቀመጣል። ክረምቱ አልቆ ሲለያዩ ወንድሟ ጋዜጣ ማንበብ ችሎ ነበር፤ እሷ ስሟን ብቻ መጻፍ ቻለች። ሴትዮዋ እስከዛሬ ያቺ ልጅ ትታወሳቸዋለች። ዘመቻው ከዩኔስኮ እንደተሸለመ ያውቃሉ፣ ይኮሩበታልም፤ ግን ልጅቷ ስሟን ብቻ ይዛ መቅረቷ ያንገበግባቸዋል። የእኔን ጽሑፍ ሲያነቡ እሷን ያዩ እንደመሰላቸው ጻፉልኝ።

10ኛው ሌላ አባት ናቸው። ከዚያ በፊትም በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ እንደነበረ አስታወሱ፤ እሳቸው በዚያ የሄዱ ናቸው። ከዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። የት ነበርክ፣ የት ነበርሽ፣ ስኳር በኩፖን፣ ሬዲዮ በባትሪ። 11 እና 12 ሙሉ በሙሉ የእነሱ ጨዋታ ናቸው። እኔ ጣልቃ አልገባሁም። ማንበቡ ራሱ ጥሩ ነበር።

13ኛዋ ከቤይሩት ጻፈችልኝ። ቤት ሠራተኛ ናት። እሷም 8ኛ ክፍል ጨርሳ ነው ትምህርት ያቆመችው። አሁን ሁለት እህቶቿን እዚህ የምታስተምረው እሷ ነች፣ የዩኒፎርሙንም የደብተሩንም ብር የምትልከው እሷ። እዚያ ክረምት ማለት ሙቀት ነው። ቤተሰቡ ከተማውን ትቶ ወደ ተራራ ይወጣል፣ ልጆቹ ይዋኛሉ፣ እሷም አብራ ትወጣለች፣ ግን የምትወጣው ልትሠራ ነው። ጉዞውን እንደ ጉዞ ቆጥራው አታውቅም። ቅሬታዬን ትንሽ ነው አላለችኝም። እንዲያውም አሁኑኑ ተናገሪ አለችኝ፤ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መሥራት የለመደች ልጅ ውጭም ስትሄድ ዝም ብላ ትሠራለች፣ እሷ የደረሰባትን እኔ እንድማርበት ትፈልጋለች። ከ40ው መልስ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ይህን እይዝ ነበር።

14ኛው ከቤት ለመውጣት ሥራ እንድፈልግ መከረኝ። ካፌ ወይም ሱቅ። 15ኛዋ ሕግ አዋቂ ሳትሆን አትቀርም፣ ወዲያው አቆመችው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ የትርፍ ሰዓትም የሌሊትም ሥራ አይሰጠውም። እኔ 15 ስለሆንኩ መቀጠር እችላለሁ ማለት ነው። ሰባት ሰዓት የምትለዋን ሳነብ ግን ወረቀቴን አየሁ። ደብረ ብርሃን እያለሁ ስንት እንደነበር ባልጽፈውም ከሰባት እንደማያንስ አውቃለሁ።

16ኛው ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ከተማዋ ከ14 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን ክረምት ላይ ደመወዝ ከፍላ የምታሠራበት ፕሮግራም እንዳላት፣ የእሱም ልጅ በዚያ እንደሠራች አወራን። ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? 17ኛዋም ከዚያው አካባቢ፣ ከቨርጂኒያ ናቸው። እሳቸው የጻፉት ግን ሌላ ነው። የ15 ዓመት ልጃቸውን ዘንድሮ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ልከውት ነበር። እዚያ ትምህርት በነሐሴ አጋማሽ ስለሚጀመር ቀድሞ ተመለሰ። ሲመለስ ሰለቸኝ፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል አለ። የእኔን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ምግቡን ማን ያቀርብልህ ነበር ብለው ጠየቁት። የአጎቱ ልጅ ናት፣ እሷም 15 ዓመቷ ነው። ልብሱንም ያጠበችው እሷ ነች። ልጁ አላስተዋለም ነበር። በዚያው ቀን አስደወሉት፣ አመሰገናት። እሷን አላውቃትም፣ ግን ያች ልጅ ስልኩ ሲደወልላት ምን እንደተሰማት ሳስብ አለቀስኩ።

ከ18 እስከ 21 ውይይቱ ደብረ ብርሃን ገባ። አንዱ የክረምቱን ብርድ እንዴት እንደቻልኩ ጠየቀ። የአገሩ ልጅ የሆነ ሌላ አረመው፤ ክረምቱ ጉምና ዝናብ ነው እንጂ የደብረ ብርሃን እውነተኛ ብርድ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲወርድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለችና። ሌላዋ የሸኖን ቅቤ አነሳች፣ የደረቀ ልብ ያርሳል አለች። 21ኛው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ከተማዋን እንደቆረቆሩ፣ ስሟም ከዚያ እንደመጣ ተረከ። እኔም ገባሁበት። አያቴ ማታ ማታ ባናዋን ደርባ ስታለብሰኝ፣ ገብስ ቆሎ እጄ ላይ ስትዘግንልኝ፣ ያቺ ሰዓት ከክረምቴ ሁሉ የምወዳት እንደሆነች ነገርኳቸው። አያቴን እወዳታለሁ። የደከመኝ ሥራው እንጂ እሷ አይደለችም።

22ኛው ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ከአማራ ክልል ገጠር ነው የጻፈው። 16 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምትም ደብተር ገዝቶ ጠብቆ ነበር፣ መስከረም መጣ፣ በሩ አልተከፈተም። ደብተሮቹ አሁንም ባዶ ናቸው። እኔ በሳምንት ውስጥ ክፍል እንደምገባ ሲያነብ የቀናብኝ መሆኑን በግልጽ ጻፈ፣ ግን እንዳልከፋም ለመነኝ። ስድብ የለውም፣ ምሬት የለውም። መንገዱ ጥሩ ከሆነ ከተማ ዘመድ ጋ ሄዶ ለመመዝገብ እየሞከረ ነው።

ምን ልበለው? ግማሽ ቀን ሳልመልስለት ቆየሁ። ደብረ ብርሃን እያለን ከከተማው ወጣ ያሉት የአያቴ ዘመዶች መንገዱ ያሰጋል ብለው ለፍልሰታ ፍቺ ሳይመጡ መቅረታቸውን አስታወስኩ። የ9ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት በስልኬ እንዳሉ፣ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ልልክለት እንደምችል ነገርኩት። 23ኛዋ፣ ያች የመጀመሪያዋ የሐዋሳ ተማሪ ናት ተመልሳ የመጣችው፣ ሒሳብ ላስጠናህ አለችው። 24ኛው የድሮ የፈተና ጥያቄዎችን ሰበሰበለት። 5ኛው፣ ያ የሰደበኝ ሰውዬ፣ እሱም መጥቶ የስልክ ካርድ ልላክልህ አለው። እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም። ያደረገውን ግን አይቻለሁ።

25ኛው ትምህርት ሊጀመር ስንት ቀን እንደቀረ ቆጥሮ ጳጉሜን ስድስት አደረጋት። ለምን እንደዚህ እንደተጨቃጨቁ እስካሁን አይገባኝም። 26ኛው ዘንድሮ አምስት ነች፣ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ ነው፣ 2015 ላይ ነበረች፣ ቀጥሎ 2019 ነው አለ። 25ኛው አላመነም። እስከ 28 ድረስ ተጎተተ። በስተመጨረሻ አንዲት እናት ጳጉሜ አምስትም ሆነች ስድስት ደመወዝ የላትም፣ የምዝገባ ክፍያ ግን አላት ብለው ገላገሏቸው።

29ኛዋ የመቀሌ ልጅ ናት። አበባየሆሽ መከልከሌ አናዷታል። በእነሱ ዘንድ አሸንዳ ነሐሴ 16 ሲገባ ትልቅ ሴት ሆነሻል ተብሎ የሚከለከል የለም፤ እንዲያውም ትልልቆቹ ናቸው ከበሮውን ይዘው የሚመሩት። ያን ሰሞን ሥራ የለም፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ለብሰው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ ሶለል ይባላል አለች። 30ኛው ከቆቦ ነው፣ ሶለል የራያ ቆቦ ነው፣ የላስታው አሸንድዬ ነው ብሎ አረማት። ተቀበለችው። እኔ ግን ክረምት ላይ ለሴት ልጅ የተቆረጠ ቀን ያለበት አገር መኖሩን እንደ ልቤ ሰማሁት። በዓል ብቻ አይደለም ለካ። እረፍት ነው።

31ኛዋ ማንም ያላነሳውን አነሳች። ክረምት አያት ጋ የምትላክ ልጅ ሞዴስ ይዛ መሄድ አለባት፣ እናቶች ይህን ሻንጣ ሲያዘጋጁ አያስቡትም፣ ልጅቷም አታወራም አለች። እውነት ነው። እኔም አላወራሁም፤ ዝናብ ውስጥ ሱቅ ፍለጋ ወጥቻለሁ፣ ሻጩ ወንድ ስለነበር ሁለት ጊዜ ሳልገዛ ተመልሻለሁ። ይህን ስጽፍ ፈራሁ፣ ግን ጻፍኩት። የሳቀ የለም። አንድ ወንድ ልጅ፣ ያ 2ኛው፣ ለእህቱ ነገ ገዝቶ እንደሚያስቀምጥላት ጻፈ።

32 እና 33 ስለ መግዛት ናቸው። ደብተር በደርዘን መርካቶ ይረክሳል ወይስ ባዛር? ዩኒፎርም በጊዜ ልብስ ሰፊ ጋ ካልሰጠሽ መስከረም 1 ካለፈ አይደርስልሽም። ጨርቁን ዘንድሮ ሰፋ አድርጊው፣ ታድጊያለሽ። ደብተር በድሮ ካላንደር መሸፈን ከላስቲክ ይሻላል፣ አይላብም። መጽሐፉ ካልታተመ ወይም ካልደረሰ የ9ኛ ክፍሉን በቴሌግራም ማግኘት ይቻላል። ይህችን የመጨረሻዋን እናቴ እንድታነባት እፈልጋለሁ፤ ስልኬን መስከረም ላይ እቀማሻለሁ ብላኛለች፣ መጽሐፌ ግን ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

እስከዚያ ወረቀቴ ሞላ። ጳጉሜ 2 ቀን ማታ ለእናቴ ሰጠኋት። ለሰባት ቀን የጻፍኩት ነው። እኔ በቀን ከአራት ሰዓት አላነሰም። ወንድሜ በሳምንቱ ሁሉ 50 ደቂቃ፣ እሱም ዳቦ ሊገዛ የሄደበት ተቆጥሮለት። ባለጌ አላለችኝም። ወረቀቱን ይዛ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። በእኔ ዕድሜ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ኩበት ዝናብ እንዳያገኘው እያስገባች፣ ከወንዝ ውኃ እየቀዳች፣ ወንድሞቿ ሲያጠኑ እሷ እንጀራ ትጋግር ነበር። ለእናቷ ተናግራ አታውቅም። መናገር እንደሚቻል አታውቅም ነበር። እኔን የምታሠራኝ ሰነፍ እንዳልሆን፣ ሰው ቤት ብገባ እንዳላፍር ብላ ነው። ወንድሜን ለምን እንደማታሠራው ስጠይቃት መልስ አልነበራትም። አልነበረኝም አለች፣ በአንደበቷ።

በማግስቱ የሩፋኤል ዕለት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ራሷ ጠራችን። እኔንም እሱንም። ሦስታችንም ግቢ ወጥተን ጠበሉን ተጠመቅን፣ እናቴ ነጠላዋ ተጣብቆባት ትስቃለች። ገብተን ልብስ ስንቀይር የወንድሜን እርጥብ ልብስ ባልዲ ውስጥ ከተተችና ባልዲውን ለእሱ ሰጠችው። አበባየሆሽንም ፈቀደችልኝ። መርካቶን ግን አልፈቀደችም፣ አብረን እንሄዳለን አለች።

ይህን ሁሉ በ34ኛው ላይ ጻፍኩላቸው። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልመለሰልኝም። ጳጉሜ 4 ነበርና የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁሉም እሱን ይጽፋል። 35 እና 36 ስለ ግድቡ ናቸው። አልተከፋሁም፣ እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት ነበርኩ። ግድቡ ሲጀመር የአንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አያቴ ከጠላ ሽያጯ ቦንድ ገዝታለታለች። ደውዬ እልልታዋን ሰማሁ።

37ኛዋ ያቺ የቤይሩቷ እህት ናት። ወረቀቱን እንዳልጥለው ነገረችኝ። 38ኛዋ አስተማሪዋ ናቸው፤ በእሳቸውም ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሉ፣ ባልዲ እንደገዙላቸው ጻፉ። 39ኛው ያ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ነው። ከተማ ገብቷል፣ አክስቱ ጋ ነው፣ ሰኞ ሊመዘገብ ይሄዳል፤ ያለፈው ዓመት ደብተሮቹን ይዞ ነው የመጣው።

40ኛው አንድ አዲስ ሰው ነው፣ ከላይ ሁሉንም ያነበበ። ወንድምሽ አሁንም ያጥባል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያጥባል። ትናንት ካልሲውን አጠበ፣ ሳሙናው በደንብ አልወጣለትም፣ ሲደርቅ እንደ ሰሌን ድርቅ አለ። እናቴ አየችው፣ እኔም አየሁት። እንደገና አላጠብኩለትም። ዛሬ ጠዋት ያንኑ ካልሲ አድርጎ ኳስ ሜዳ ሄደ፣ እኔ ደብተሬን እየሸፈንኩ ነው።